የኋላው ክፍል ሰዓት

በቪዲን ከተማ፣ ከዳኑብ ወንዝ አፋፍ፣
አንዲት ማተሚያ አለች፣ ሥራዋ ሞት መጻፍ፤
እዚያ አገር ሰው ሲሞት፣ ስሙ ከነምስሉ
በር ላይ፣ ግንድ ላይ ነው የሚነገር ቃሉ፤
ባረፈበት ሰሞን፣ ደግሞ አርባው ሲሞላ፣
ዓመቱም ሲደፍን፣ ከዚያም ዓመት ኋላ፣
ዝናብ ያጠበውን እየተካ ሌላ።

ራድካ ደወለች። «ላዛር፣ ና ቶሎ፤
የኋላው ኮምፒውተር የፊቱን አላውቅህም ብሎ
ቆሟል። ነገ የስፓስ አርባ ነው፤ ፎቶው ያለው እዚያ፣
ማተሚያው ከፊት ነው። ምን ላድርግ ከዚህ ወዲያ?»
«በፍላሽ አምጪው» ስላት፣ ከት ብላ ሳቀች፤
«ቀዳዳውን ሁሉ ስፓስ በሙጫ ደፍኖታል» አለች፤
«አንዴ ቫይረስ ገብቶ የሟች ስም አመሰና
በግድግዳ የሞተ ዶሮ ነጋዴ በእግሩ መጣና
‹አለሁ!› ብሎ ጮኸ።»

ከገመዱ ጀመርኩ። ሁልጊዜ ከገመድ ነው፤
ከላይ የሚጀምር የሚኮራ ሰው ነው።
አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤
ስዊቿ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ ለብሳለች።
ፒንግ አደረግኩና ከፊት ወደ ኋላ ጠራሁ፤
አራት ጊዜ «አቤት»፣ አራቱንም ሰማሁ።
አቤት ይላል እንጂ ግባ ግን አይልም፤
ድምፁ ከበር አለ፣ እጁ መወርወሪያ አይነካም።

የቡድኑን ስም አየሁ፤ አንዲት ፊደል አልጎደለም።
ፋየርዎሉን ለአፍታ አወረድኩት፤ እሱም አይደለም።
አቃፊው ለጋራ ክፍት ነው፣ ፈቃዱም አልተነሣም።
የይለፍ ቃል ስጠይቃት ከመሳቢያ ብጣሽ አወጣች፤
የመቁረጫ ማሽኑ ቁጥር ነው፤ ጮክ ብላ አነበበች።
ጻፍኩ። እምቢ አለ።
ቀስ ብዬ ጻፍኩ። እምቢ።
«ምናልባት ተሳስቶ ጽፎት...» ልላት ስል፣
«ስፓስ?» አለች። «በሰው ዕድሜ እንጂ በፊደል አይሳሳትም!»

ተስፋ ቆርጬ ቀና ስል፣ ከስክሪኑ ጥግ በታች፣
ማንም ልብ የማይላት ትንሿ ቁጥር አለች፦
ሐሙስ፣ ጃንዋሪ አንድ፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ።
«ራድካ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» «ማክሰኞ። ምን አገኘህ? ንገረኝ።»

ከሆዱ ውስጥ ሳንቲም የምታህል ባትሪ ሞታለች፤
መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ወደዚያ ትጥላለች።
ይሄም «ዛሬ» ይላል፣ ያም «ዛሬ» ይላል፤
መሃላቸው አሥራ አራት ዓመት፤ ማን ማንን ያምናል?
«ቃሉ ልክ ነው» አልኳት፣ «ያልታመነው ሰዓቱ ነው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቁጥሯን ለብዙ ጊዜ አየች።
«በዚያ ሐሙስ መቁረጫውን ገና አልገዛንም» አለች፣
«ታዲያ ቁጥሩን ከየት ይወቀው?
ጢም ነበረው ያኔ። በረዶ ወርዶ፣ ጓሮ ዓሣ ጠበስን፤
በዚያ ሳምንት ማንም አልሞተም። በጣም ከሰርን።»

እጄን ወደ ኪቦርዱ ስሰድ፣ «አንድ ደቂቃ» አለችኝ።
ደቂቃዋ ሦስት ሆነች። ወንዙ ላይ ጀልባ ጡሩንባ ነፋ።

ከዚያ ተነሥታ የወረቀት ሚዛኗን ገለበጠች፣
ባትሪዋን በጥፍሯ ፈልፍላ ከመዳፌ ጣለች።
ሰዓቱን ወደፊት ገፋሁ፤ መቁረጫው ተገዛ፣
ጢሙ ተላጨ፣ ሳሉ ጀመረ፣ ሳሉ በዛ፣
ማክሰኞ ደረስን።

አቃፊው ተከፈተ። ከፎቶው ጎን «ለእኔ ጊዜ» የሚል ፋይል አለ፤
ኑዛዜ መስሎኝ ነበር። የሥራ ትእዛዝ ነው፦
ጥቁሩ ጠርዝ ይቅጠን።
ወረቀቱ መቶ ሃያ ግራም፤ በርካሹ አትቀልዱ።
አፍንጫዬን አታሳጥሩ፣ ሰው አይለየኝም።
ዕድሜዬን ሁለት ጊዜ ቁጠሩ።

ሚዛኑ ባዶ ነው፤ ወረቀቱን በመዳፏ መዘነች፤
ሃያ ቅጂ ወጣ፣ ትኩስ። አፍንጫው ሙሉ ነው።
ዕድሜውን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ ልክ ነው።
ሦስተኛም ቆጠረች።
ከዚያ ሂሳቤን ከፈለችኝ፣
የባትሪዋን ዋጋ ቀንሳ።