ቤቶች!

ከባቡር ድልድይ ሥር፣ ኦሳካ ላይ በጥር፣
ብርዱ አጥንት ሲቆጥር፣
ፉሳዬ ከፊት ናት፣ እኛ ከኋላዋ፤
ጡረታ ቢያወጧትም ከአውቶቡስ መሪዋ
ማታ ማታ ፌርማታ መቁጠር ነው ሥራዋ።

ይኸኛው ካርቶን ነው፤
ግድግዳው የፍሪጅ፣ ጣራው የቴሌቪዥን።
ደፉ ላይ ግን ጥንድ ጫማ፣
ተወልውሎ፣ አፍንጫው ወደ ውጭ።

ሩዙን ላስገባ ስል እጄን ያዘችኝ።
ተንበርክካ ካርቶኑን አንኳኳች፤
«ቤቶች!» አለች።
ሳል። ዝምታ። ቆይቶ፦
«ይቅርታ፣ ቤቱ አልተጠረገም።»
«እንግዲያው ሌላ ቀን» ብላ
ሩዙን ከጫማው ጎን አኖረች።

ሪኩ መንገድ ላይ ተቆጣ፦ «ስሙን እንኳ!»
«ደጅ ቆሞ ስም አይጠየቅም።»

በሳምንቱ ስንመለስ
ከጫማው ጎን፣
የሦስት ጥንድ ጫማ የሚያህል ስፍራ
ተጠርጎ ጠበቀን።