ከመቶው አሥራ ስምንት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ዶሮ ማነቂያ ላይ፣
ጮማውን ከቀዩ በዓይኔ ስለያይ፣
የበሬን ሻኛ አይቼ፣ ገና ቆሞ ሳለ፣
«ያኛው ከሲታ ነው፤ ይሄ ጮማ አለ»
እያልኩ ኖርኩ፤ ቢላ ሳላሳርፍ፣ ሳልሳሳት።

ዛሬ ተራው የኔ።
ለገሃር አጠገብ፣ ምድር ቤት፣ ብርዳም ክፍል፣
መክሊት የምትባል ቀጭን ልጅ እንዲህ ስትል፦
«አቶ ዝርጋው፣ ቀበቶ ይፍቱ። ቁልፍ ካለ። ሰዓት።
የአንገት መስቀልዎንም። ብረት አይገባበት።»
«ቢላዬን ቤት ትቼው ነው የመጣሁት» አልኳት።
አልሳቀችም።
ስንቱን ቀልደኛ ይሆን በቀን የምታስተኛው።

ሽንጥ እንደሚገባ ወደ በረዶ ቤት፣
አልጋው ተንሸራቶ ዋጠኝ እስከ አንገት።
ሱቄ የፈረሰ ቀን የሰማሁት ድምፅ ነው፣
ድው፣ ድው፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ ድው።

ቀድማ አስረድታኛለች፤ ውሃም ስብም፣ ሁለቱም፣
ማግኔቱ ሲጠራ «አቤት» ይላሉ፤ ግን እኩል አይደሉም፤
ስብ ትንሽ ይዘገያል፣ ምሳ እንደከበደው ሰው፣
ያቺን መዘግየት ነው ማሽኑ የሚመዝነው።
ቢላ የለ። ደም የለ። ጣት የለ።

«ትንፋሽ ያስገቡ። ያውጡ። አሁን ይያዙት።»
ሃያ ሰከንድ ያህል፣ ሞት አይሉት ሕይወት።

በዚያች ሃያ ሰከንድ የመጣችብኝ ጣቴ ናት፤
የቀኝ አውራ ጣቴ፣ ከሚዛኑ ጠርዝ ላይ፣
ጫን ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ ማንም ሳያያት።
አሰለፈች ጎረቤቴ፣ በየፋሲካው ዋዜማ፣
መሐረብ ፈትታ ግማሽ ኪሎ ስትገዛ፣
ጣቴን አብሬ ሸጥኩላት፣ ስንት ዓመት።
ኋላ ግን አጥንት እመርቅላት ነበር፣ ለመረቅ።
«እጅህ ይባረክ» ትላለች፤
የሰረቃትን እጅ የሚባርክ እንደሷ አላውቅ።

«ይተንፍሱ።»

ከመስታወቱ ማዶ ጉበቴ ተዘርግቷል፤
ግራጫ ነው፣ ዳር ዳሩ እንደ ደመና ነጥቷል።
«ከመቶው አሥራ ስምንት ስብ ነው» አለችኝ፣
«ከአምስት ባያልፍ ነበር ደጉ።»
ዝም አልኩ። በዓይኔ ሞከርኩት፣ እንደ ልማዴ፤
ሃያ እል ነበር እኔ። ሁለት ብቻ ነው የሳትኩት።
«እንዲህ ያለ የገረጣ ጉበት ሲመጣልኝ፣ ልጄ፣
ለውሻ ነበር የምጥለው፤ ለሰው አልሸጥም በእጄ።»

ያኔ ሳቀች። ጥርሷ ፍንጭት ነው።
«እዚች ጋ ግን ተንቀሳቅሰዋል፤ አንዴ ልድገመው?»
«ሌላ ሂሳብ አለው?»
«የለውም» አለች፣ «ምርቃት ነው።»

ምርቃት።
ስንት ዘመን ከአፌ የወጣች ቃል፣
ዛሬ ወደ ጆሮዬ ስትመለስ
ከበደችኝ።

አልጋው ተንሸራተተ፤ ገባሁ እንደገና።
ትንፋሼን ያዝኩ፣
አውራ ጣቴን ከጎኔ አርቄ።