ለጊዜው

አሥራ አንድ ከሃያ፣ ሊነጋጋ ሲል ሰማይ፣
የልደቱ ሻማ ሳይነሣ ከጠረጴዛው ላይ፣
መሲና ተናጠች፣ በቅል እንዳለ ወተት፤
አርባ እስኪቆጠር ነው፣
ከዚያ ወዲያ የለችም ከተማይት።

የተረፈው ሸሸ፣ ወደ ባሕሩ ዳር፣
“ውኃ አይፈርስም” ብሎ፣ በሌሊት ልብሱ፣ በባዶ እግር።
ባሕሩም ፈቀቅ አለ፣ ጀልባዎቹን አሸዋ ላይ አስተኝቶ፣
ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ፣ እንደሚያስብ ሰው ቆይቶ፤
ከዚያ ተመለሰ።

ምድር ቤት መታች፣ ባሕርም ቤት መታ፤
ግጥም ግን አልሆነም፣ የዚያን ለታ።

አያቴ ፕላቺዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።
ከፍርስራሹ የሳባት የሩሲያ መርከበኛ
ምን ብሎ እንዳጽናናት እስክትሞት አላወቀችም፤
“እጁ ይሞቅ ነበር” ትላለች፣ ሌላ አትጨምርም።

በየካቲት የሳንቃ ቤት ሰጧት፣ ቁጥር ሰባ ሁለት፣
ጆስትራ ሰፈር፣ ከጎርፉ መውረጃ በላይ።
ሹሙ ከወረቀቱ ግርጌ አንድ ቃል ጻፈ፦
“ለጊዜው።”

ለጊዜው አገባች። ለጊዜው አምስት ወልዳ ሁለት ቀበረች።
ለጊዜው የጣሪያውን ፍሳሽ በድስት ተቀበለች።
ለጊዜው ጦርነት መጣና አለፈ፤
ሳንቃው ሲበሰብስ ጣሪያው አስቤስቶስ ታቀፈ።
አባቴን የያዘው ሳል፣ እሱም ለጊዜው ነበር፣
እስኪቀበር።

እኔም፣ ሌተሪያ፣ እዚያው ተወለድሁ።
እናቴ ቁመቴን በቢላ መቃኑ ላይ ስትቀርጽ አደግሁ፤
ከእኔ ጭረት በታች የእሷ፣ ከእሷ ጎን የሞተው ወንድሟ፤
የእሱ ከጉልበቴ አያልፍም።

ዘንድሮ፣ በሰማንያ አንድ ዓመቴ፣ ቁልፍ ሰጡኝ።
አራተኛ ፎቅ። ሊፍት አለው። የሞቀ ውኃ።
የማዘጋጃ ቤቱ ልጅ፣ ጢሙ ገና ያላጎነቆለ፣
“ይሄስ የዘላለም ነው፣ እማማ” አለ።
ሳቅሁ። ደስታ መሰለው።

ሰባ ሁለት ቁጥርን ማሽን ሲንደው ቆሜ አየሁ።
ቤት ሲፈርስ ድምፁን ሳውቀው የኖርሁ ይመስለኛል፣
ሰምቼው ግን አላውቅም ነበር።
ከመቃኑ ቁራጭ አስቆርጬ በፌስታል ይዤ ሄድሁ።

ማታ፣ አያቴ እንዳስለመደችን፣
ጫማዬን ከአልጋው ሥር፣ አፍንጫውን ወደ በር አዙሬ፣
ያቺን ቁራጭ ከበሩ ሥር ሻጥ አደረግሁ፣
ተንጋድዶ እንዳይዘጋብኝ።

ባሕሩ ከታች፣ መብራት የተነጠፈበት፣ ጸጥ ብሏል።
ከላይ ሆኜ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።
ያምራል፣ አልዋሽም።
አሥራ አንድ ከሃያ እስኪያልፍ ግን አልተኛሁም።