አንድ ስምንተኛ

ኅዳር፣ ደብረ ብርሃን። ውርጩ መስታወቱን ልሶ አሳውሮታል፤
ማሞቂያው ሌሊቱን ሲያቃስት አድሮ አሁን ገና ዝም ብሏል።
እርገጤ ካፖርቱን ሳያወልቅ በሩን በክርኑ ገፍቶ ይገባል፤
«እንዴት አደራችሁ?»
ለእኔ አይደለም። ለአይጦቹ ነው። እኔን ቆይቶ ያየኛል።

አራት መደርደሪያ፤ ሲጀመር በያንዳንዱ አምሳ ነፍስ።
ለመጀመሪያው ንጹሕ መኖ፣ በምንም የማይለወስ፤
ለሁለተኛው አንድ እጅ፣ ለሦስተኛው ሁለት፣
ለአራተኛው አራት።
ምኑ? ያ ገበሬው በጀርባው አዝሎ ስንዴው ላይ የሚረጨው፣
ከባሶና እስከ ጣርማበር ሙጃውን በሦስት ቀን የሚያከስመው፣
«መድኃኒት» የምንለው።
ቋንቋችን ቸር ነው፤ የሚያድነውንም የሚገድለውንም
በአንድ ስም ይጠራል፤ ለማን እንደሆነ ግን አይናገርም።

መቶ አራት ሳምንት። ከዚያ ጉበታቸው በስሱ ተቆርጦ፣
በመስታወት ላይ ተለጥፎ፣ በሐምራዊ ቀለም አጊጦ፣
ዕጢው ተቆጠረና ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ፦
ሦስት፣ አራት፣ ሰባት፣ ስድስት።
ደረጃ ይመስላል፤ ጫፉ ላይ ግን አንድ እርከን ወርዶ ከመስመር ወጣ።

ሦስትን ከሰባት ባጋጥም «ዕድል ነው» ብለው ይለያያሉ፤
ሦስትና ስድስት ጭራሽ ሰላምታ ይሰጣጣሉ።
ምንም ያልቀመሱትም ሦስት አላቸው፤ ዕጢ ሳይጠሩት ይመጣል።
ለዚህ ነው ጥንድ ጥንዱን ትቼ አራቱንም በአንድ ክር የምሰፋው፤
መጠኑ ሲጨምር ክሩ ሽቅብ ይሄዳል ወይ? ይህን ነው የምጠይቀው።
መልሱ፦ ከመቶ አሥራ ሦስቱን ጊዜ
ባዶ ዕድል ብቻውን እንዲህ ያለ አቀበት ይሠራል።
አሥራ ሦስት ብዙ ነው። በአሥራ ሦስት ማንም አይከሰስም።

ልፈርም ስል፣ እርገጤ ባዶ የሽቦ ሣጥን ሲያጥብ አየሁት።
ከአራተኛው መደርደሪያ ነው። «እነዚህ እኮ» አለ «ቶሎ ነው የሄዱት፤
ሃያ ሁለቱ፣ በዓመታቸው። ኩላሊታቸው ነው።
ዕጢ የሚያበቅሉበትን ጊዜ መች አገኙት?»

ዝም አልኩ። ቁጥሬን አፈረስኩ።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ እስከ መጨረሻው የኖረ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤
ዕጢ የተገኘበትም፣ መቼም ይሙት መቼ፣ ሙሉ አንድ ይባላል፤
ያለ ዕጢ መንገድ ላይ የቀረ ግን በኖረው ልክ ይመነዘራል።
በግማሹ የሞተ፦ ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ የዚያም ግማሽ፤
አንድ ስምንተኛ።
ካንሰር እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ አያድግምና፤
መጀመሪያ ያሸምቃል፣ ኋላ ይሮጣል፤ ዕድሜ ይፈልጋል ገና።

አምሳ የነበሩት ሠላሳ አንድ ሆኑ። ስድስት ከሠላሳ አንድ።
የወረደው እርከን ተነሣ፤ ክሩ ሽቅብ ሄደ፣ እንደ ጣርማበር መንገድ።
ከመቶ ሁለት።

እርገጤ ሁሉን ሰማ። እጁን በሱሪው አደራረቀ።
«እኔና ሸዋፈራሁ» አለ «አንጎለላ ሰባት ክረምት በቀን ሒሳብ ረጭተናል።
ጓንት? ፌስታል ነበር፤ አንዱን እሱ፣ አንዱን እኔ፣ ቀኝ ቀኝ እጃችን ላይ አስረናል።
ወንድሜ በሠላሳ አምስቱ ሞተ። ሳንባው ነው አሉ። ዕጢ አልተገኘበትም።
አንቺ ልጅ፣ እሱ ስንት ተብሎ ይቆጠራል?»

ሰው ሰባ ይኖራል ብንል
(ጭንቅላቴ ሳላዘው ሠርቶት ነበር)
ግማሽ። የግማሽ ግማሽ። የዚያም —
አፌ ላይ ደርሶ ቆመ።
«የሱን መጠን የጻፈ የለም» አልኩት። እውነት ነው፤ ማንም አልመዘነም
ስንት ጠብታ ባንገቱ እንደወረደ፣ ስንቱን ባልታጠበ እጁ እንደቆረሰ።
«እንዲያ ከሆነ» አለ «አይጦችሽ ይሻላሉ። ለሞታቸው ጸሐፊ አላቸው።»

ሪፖርቱን ፈረምኩ። ግርጌው ላይ አንድ መስመር፦
«ቀድመው የሞቱት በኖሩት ልክ ተመዝነዋል።»
የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሳይረን ጮኸ።
እርገጤ የታጠበውን ሣጥን ውጭ ፀሐይ ላይ ደፋው፤
ውኃው ከሽቦው ላይ ይንጠባጠባል፣
እሱ አጠገቡ ቆሞ በጣቱ ይቆጥራል።
ስንት ላይ እንዳቆመ አላውቅም።