የአንደኛ ማዕረግ እንጨት

ጊታር ከመሆኑ በፊት የባቡር ግድግዳ ነበረ፤
የነጋዴ ትከሻ፣ የሙሽራ ራስ ሲደገፈው ኖረ።
ከጅቡቲ ድሬ፣ ከድሬ አዋሽ
ሲርገበገብ አርባ ዓመት፣
ገላውን የሐዲድ ምት ሞላው፤
ጸጥታ የማያውቅ እንጨት።
ፉርጎው ሲሻር ጊዜ
ገሚሱ ወደ ብረቱ፣ ገሚሱ ወደ ብሎኑ ሮጠ፤
አያትሽ ሮብሌ ግን
ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን ሰጠ፣
አንዲት ሳንቃ ብቻ መረጠ።
«ማሆጋኒ ነው» አለኝ፣ «የአንደኛ ማዕረግ።»
በአሮጌ ሽርጥ ጠቅልሎ፣ ብስክሌቱ ኋላ አስሮ
ከዚራን በኒሙ ጥላ ጥላ አቋረጠ።

ሦስት ክረምት ፈጀበት፣
ክረምት ድሬ ላይ ካለ፤
ሲልገው፣ ሲያሳሳው፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ ሲያየው፣
«ገና ነው» እያለ።
ስሙ በሶማሊኛ ዝናብ ይዞ የመጣ ማለት ነው አሉ፤
በዚህ አሸዋ ላይ ግን
ስሙን ማንም አላመነው።

መጀመሪያ የተመታ ለት፣ መጋላ፣ ሠርግ ላይ፣
አትቀየሚ፣ ሰው ሳቀበት።
የሌላው ጊታር ደረቱ ጥድ ነው፣ ገና ሲነኩት ይጮኻል፤
የእኛው አፉን በሻሽ እንደ ሸፈነ ሰው
ጉሮሮው ውስጥ ያጉመተምታል።
«ሮብሌ፣ ይሄ የሳሙና ሳጥን ነው ወይስ ጊታር?»
አለ ሙሽራው ራሱ።
አያትሽ ሻዩን ፉት አለና
«ተዉት» አለ፣ «እንጨት እንደ አማች ነው፤
ቤቱን እስኪለምድ አይናገርም፤
ከለመደ ደግሞ ዝም አይልም።»

አምስት ዓመት፣ ምንም።
ስድስት፣ ምንም።
ከጋራዥ ስመለስ፣ እጄ ግራሶ እየሸተተ
ማታ ማታ እነካው ነበር፤
ሙቀቱ እንዳይሰነጥቀው
ከውሃው እንስራ አጠገብ ሰቅዬው።
በሰባተኛው፣ አንድ የግንቦት ሌሊት፣
ከተማው በሙሉ በረንዳ ላይ ተኝቶ፣
ወፍራሙን ክር ብነካው
ድምፁ ወጥቶ አላለቀም።
ደንገጎ ላይ ዘንቦ፣ እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ
ደቻቱን ሞልቶ እንደሚወርደው ውሃ
ከሩቅ፣ ከማላየው ቦታ ተነስቶ መጣ።
ያኔ ስሙን አመንኩት።

እሱ ግን ጅቡቲ ነበር፣ እናትሽ ጋ።
በስልክ አሰማሁት።
«ንፋስ ነው የሚሰማኝ» አለ፣
«ግድ የለም፣ ትንሽ ይቆይ።»
እሱ አልቆየም።
ባቡሩም ቆመ፤ ሐዲዱ ላይ ፍየል ተኛ።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሂባቅ፤
ሠላሳ ዓመት ፊሽካ የበላው ጆሮ ነው ያለኝ።
የወፏን አልሰማም፣ የሻይ ማንኪያዋን አልሰማም፤
ቀጭን ቀጭኑ ሁሉ ጥሎኝ ሄዷል።
ታዲያ እንጨቱ ነው የለሰለሰው
ወይስ እኔ ነኝ ሻካራውን መስማት ያቆምኩት?
እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።
ምስክር የለኝም፤
የሳቀው ሙሽራ እንኳ ሞቷል።

እስኪ አንቺ ምቺው፣ በዚያ በልጅ ጆሮሽ።

መታሽው። ደገምሽው። ዝም አልሽ።
«ምን ይመስላል?» ብልሽ
መዳፍሽን ደረቱ ላይ አሳረፍሽ፣
መስኮት ሥር እንቅልፍ እንደጣለው ተሳፋሪ
ጉንጭሽን ጎኑ ላይ አስጠጋሽ።
«ይሄዳል» አልሽኝ፣
«አሁንም ይሄዳል።»

በይ ውሰጂው።
የጅቡቲ አየር ጨው አለበት፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፤
ግንቦት ሲገባ ክሩን ላላ አድርጊው፤
ማንም ቢስቅበት
አትከራከሪ።