በአንድ ባጃጅ

ማመልከቻው የተጻፈ ለት የይትባረክ የወተት ጥርስ አልወለቀም፤
ጸሐፊው «ምክንያት?» አለ እንጂ ቀና ብሎ አልጠየቀም።
«አለመስማማት» በል አልኩት፤ አንድ ቃል ነው፣ ርካሽ ነገር፤
በገጽ ነው እንጂ የሚያስከፍል፣ በዓመት ቢሆን አልችል ነበር።

«ሦስት ወር ነው» ብላኝ ነበር የሺምብጥ ጎረቤቴ፣
«ልጅ ከሌለ።»
ሁለት አሉ።
«ቤት ከሌለ።»
አለ። በጭቃ ጀምረን በብሎኬት የጨረስነው፣
ካርታው በሱ ስም የወጣ፣ ጣሪያው የኔን ዕቁብ የለበሰው።
«ባጃጅስ?»
እሱም አለ፤ ሰማያዊ፣ ዕዳው ገና ያላለቀ።
ጎረቤቴ ዝም አለች፤ ጣቷ ቁጥር ላይ ደረቀ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ለት ዝናብ ሆነ፣ ታክሲ ጠፋ፤
ይበልጣል መጥቶ ቆመና «ግቢ» አለኝ፣ ሸራውን ገፋ።
ምን ይባላል እንግዲህ፣ መንገዳችን አንድ ነውና፣
ልንፋታ አብረን ሄድን፣ ዘንባባው ሥር፣ በደመና።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። እኔ ኋላ፣ እሱ ከፊት፤
የኔ ፋይል ጉልበቴ ላይ፤
የሱ ከመቀመጫው ሥር፣ ከመፍቻው ጋር፣ ዘይት ነክቶት።
ችሎት ስንገባ ስማችን ቀረ፤
እኔ አመልካች፣ እሱ ተጠሪ።

አንድ ቀን ዳኛው ሥልጠና ሄዱ።
አንድ ቀን «ለተጠሪ መጥሪያ አልደረሰም» ተባለ፤
ያመጣኝ እሱ ነው እኮ!
አንድ ቀን መዝገቡ ጠፋ፤
ከሌላ ሰው ፍቺ ጋር ተሰፍቶ ተገኘ።
ነሐሴ ችሎት ተዘጋ፤ ጣና ሞልቶ ደንገሉን ዋጠ፤
ጥር ላይ ጎደለ፣ ተፋው፤ እንቦጩ ተነቀለ፣ ተመልሶ መጣ።
እኔ ግን በጫማ ነው የቆጠርኩት፤
ስከስ ማዕዶት ሠላሳ አንድ ቁጥር ነበረች፣
ሠላሳ አምስቱ «ጠበበኝ» አለች።

ሽማግሌዎቹ «ለልጆቹ ስትሉ» አሉን።
ለልጆቹ ስንል ነበር እዚያ ድረስ የመጣነው።

ገማቹ መሐንዲስ መጣ፣ ሜትሩን ዘርግቶ ሳበ፤
ቆርቆሮውን፣ ሽንት ቤቱን፣ አጥሩን ሁሉ መዘገበ።
«ማንጎ፣ አንድ፣ ፍሬ የሚሰጥ» ብሎ ጻፈ።
በሰማንያ ተጋብተን፣ በማዕዶት ሰማንያ የተከልነውን።
ይትባረክ የሜትሩን ጫፍ ይዞ እየሳቀ ተከተለው፤
ቤቱን እያካፈለ እንደሆነ ለልጅ ማን ደፍሮ ይንገረው?

ዳኛዋ ማዕዶትን ለብቻዋ አስገብተው
«ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?» ቢሏት፣
«ይትባረክ ከሄደበት» አለች አሉ።
ይህንን የነገረችኝ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት፤
ልጄስ እስካሁን አልነገረችኝም፣
እኔም አልጠየቅኳትም።

ሚያዝያ ላይ ተነበበ፤ ሁለት ዓመት ከአሥር ወር፤
ማንጎው ሦስተኛ ፍሬውን ይዞ፣ ወፍ እየጠረጠረው ነበር።
ቤቱ ይሸጥ። ባጃጁ ለሱ፣ ግማሽ ግምቱን ይክፈላት፤
ልጆቹ ከእናት ጋር፤ ቅዳሜና እሑድ ከአባት።
ንባቡ እንዳለቀ ደጅ ወጣሁ፤
ቀድሜ ያዘዝኩት ሻይ ገና አልበረደም።

ባጃጁ ጥላ ሥር ቆሟል።
«ግቢ» አለኝ።
ገባሁ።
ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጣ፣ ትንሽ ዓሣ ዓሣ የሚል፤
ከመንገዱ ዳር አንድ ትራፊክ እጁን አነሣ፣ ሰላም አለን፣
እንደ ባልና ሚስት።

ሺምብጥ መታጠፊያው ላይ ወረድኩ፣ ቦርሳዬን ከፈትኩና
«ሂሳብ ስንት ነው?» አልኩት።
ያን ሁሉ ጊዜ ተመላልሼ ጠይቄው አላውቅም ነበር።
በመስታወቱ አየኝ። ሞተሩን አላጠፋም።

«ዝርዝር የለኝም» አለ፣
«ቅዳሜ ትሰጪኛለሽ።»