የውሃ አይጥ አዳኙ

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዬ አይጥ ነበር፤
የውሃ አይጥ፣ ክትሩን ከሥር የሚሰረስር።
ከባሕር ወለል በታች ነው የተኛው አገሬ፣
ማዕበል አይደለም፣ ጉድጓድ ነው የሚፈራው ገበሬ።
የፍሪስላንድን ቦይ ሁሉ ለክቼዋለሁ በእግሬ።

ሲብረን ይሉኛል። ሰባ ሦስት ሞላኝ።
አምና መጋቢት ላይ ወገቤን ሲይዘኝ፣
"ብርድ ነው" አልኳትና ቲትስኬን፣ ሚስቴን፣
ጀልባ ሳድስ ዋልኩኝ አስሬ ወገቤን።
በኋላ ግሮኒንገን ፎቶ ተነሣሁ፤
ሐኪሟ ዝም አለች፤ እኔ ግን ለየሁ።
ዳሌዬ፣ አከርካሪዬ፣ የጎን አጥንቶቼ፣
ጥቁር ጥቁር ነጥብ... እነዚያው ጠላቶቼ!
ከፕሮስቴት ተነሥቶ፣ ሳላይ፣ ሳልሰማ፣
ወልዶ ተዋልዶብኝ፣ ቆርቁሮ ከተማ።
"ስንት ናቸው?" አልኳት። "ብዙ ናቸው" አለች።
ሠላሳ አራት ናቸው። ቆጥሬያቸዋለሁ፤
ልማድ ነው።

የፊተኛው መድኃኒት ደሜ ውስጥ ፈሰሰ፣
አይጡንም ዳክዬውንም እኩል አመሰ፤
ጸጉሬ ረገፈ፣ አፌ ብረት ቀመሰ፣
ነጥቦቹ ግን እዚያው። አንድም አልቀነሰ።
እኔ በሙያዬ ቦይ መርዤ አላውቅም፤
ዳክዬው ምን በደለ? ይህ አደን አይደለም።

"አዲሱ ሌላ ነው" አለችኝ ሐኪሟ፤
ከሱሪናም ናቸው ወላጆቿ፣ ራምዲን ነው ስሟ።
"ወጥመድ መቼም ለእርስዎ አይነገርም" ብላ፣
መዳፏ ላይ ሣለች፣ ወረቀቱን ጥላ፦
የታመመው ሕዋስ በሩ ላይ እጀታ አለው፣
ጤነኛው ዘንድ እምብዛም የማይገኝ ዓይነት ነው፤
መድኃኒቱ ያን እጀታ ዳብሶ ይይዛል፣
በጀርባው ግን አንዲት ፍም አዝሏል።
ሉቴሲየም ትባላለች።
ሁለት ሚሊ ሜትር ሳትሄድ ትደክማለች፤
ጎረቤት ብዙም አትነካ፣ ምራቅ ግን ታደርቃለች።

ፍም ናትና ትከስማለች። በሳምንት ገደማ
ግማሿ ይጠፋል።
ስለዚህ ሾፌሩ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ፣
በእርሳስ ሣጥን ቆልፎ ይዟት ሌሊት መጣ፤
ፔተን፣ ባሕሩ ዳር፣ ከማብለያው ወጥታ፣
በታላቁ ግድብ ላይ፣ በነፋስ ተመትታ፣
ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ውሃ በግራ ውሃ በቀኝ።
ያ ግድብ የኔ ነበር።
ስንት ሌሊት ጠበቅኩት፤ አንድ ሌሊት ጠበቀኝ።

ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ምንም አልተሰማኝ።
ለሳምንት የልጅ ልጄን እንዳላቅፍ ነገሩኝ።
ፍራውክየ አመሻሽ ላይ በመስኮት መጣች፤
"አያቴ፣ መብራቱን አጥፋ፣ ታበራለህ አሉ" አለች።
አጠፋሁት። አላበራሁም።
በጣም አዘነች።

ከአራተኛው ዙር በኋላ አዲሱ ፎቶ ወጣ።
"ዘጠኝ!" አለች ራምዲን፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ፤
ዘጠኝ ብቻ ቀሩ።
ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ዝምታዬ ግን ገረማት።
"ከዘጠኝ የውሃ አይጥ እስከ ክረምት ስንት እንደሚወለድ
ልንገርሽ?" አልኳት።
"አውቃለሁ" አለችኝ፣ መዝገቡን ሳትዘጋ፤
"ለዚህ ነው ሐሙስ ይምጡ የምልዎ። በጠዋት።"